የቀለሜ ሸሚዝ

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ ቀለሜ ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ተማሪ ሳለን ነው፤ ከደብተሩ ቀና የማይል ልጅ ነበር። በኋላ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሥራውም ቀለም ሲሆን ስሙ እዚያው ላዩ ላይ ቀረ። ታናሼ ነው። አላገባም፣ ከእናታችን ጋር ይኖራል። እኔ ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታቸው ነኝ፤ በዚያች ግድግዳ የማልሰማው ወሬ፣ ሰምቼም የማልገባበት ጉዳይ የለም። ነገረኛ ናት ይሉኛል። ይበሉ።

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት፣ «አስታራቂ ነኝ» ይላል። «ደንበኛው ስክሪን ላይ ያየው ቀይ ወረቀት ላይ ሌላ ቀይ ሆኖ ሲመጣበት ሰው ሊገድል ይደርሳል። እኔ መሃል ገብቼ ሁለቱን ቀዮች አስታርቃለሁ።»

የሚያስታርቅበት ነገር ላፕቶፑ ላይ ያለች ጥቁር መስኮት ናት። ማውዝ አይነካም፣ የሚጫን ሥዕል የለ፣ ምን የለ፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፣ ይልከዋል፣ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ትንሽ ቆይቶ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ሥዕል ይመጣል። አናቱ አረንጓዴ፣ የቀኝ ጥጉ ቀይ፣ የግራ ታችኛው ጥጉ ሰማያዊ፣ መሃሉ ነጣ ያለ። የሰው ዓይን የሚያየው ቀለም ሁሉ እዚያ ውስጥ ቦታ ቦታ አለው አለኝ። ውስጡ ሦስት ማዕዘን ያሰምርበታል፤ ስክሪኑ ማሳየት የሚችለው እስከዚያ ነው። ከዚያ ሌላ ጠበብ ያለ፤ የማተሚያቸው አቅም ደግሞ እሱ ነው።

«ከመስመሩ ውጭ የቀረውን ቀለም የፈለገ ሰው ሲመጣስ?» አልኩት።

«ይቅርታ እንጠይቀዋለን።»

እናታችን ማታ ማታ ሲጽፍ ታየውና፣ «ከማን ጋር ነው የምትጻጻፈው?» ትለዋለች። የሴት ወሬ ልትሰማ ቋምጣ።

«ከኮምፒውተሩ ጋር ነው እማዬ።»

«ይመልስልሃል?»

«ስሳሳት ብቻ።»

«እንደ እህትህ ነዋ!» ትላለች፣ እኔ እየሰማሁ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እዚያች የፊት ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነው ያሳደገችን። አምና ለቀለሜ ሸሚዝ ሰፋችለት። ለብሶት ብቅ ሲል ሳቄ አፈነኝ። ሸሚዙ ሰማያዊ ነው፣ ፈካ ያለ፤ የግራ እጅጌው ግን አመድማ! ጨርቅ አንሷት ይሆናል ብዬ አፌን ስከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገብኝ። ያንኑ ለብሶ ሥራ ሄደ። በየሳምንቱ ይለብሰው ጀመር። ባልደረቦቹ «አስታራቂው ራሱ ተጣልቶ መጣ» እያሉ እንደሚስቁበት ሰማሁ።

«አንተ፣ ለምን አትነግራትም?» አልኩት።

«ስትሰጠኝ ፊቷን አላየሽም» አለኝ። በቃ፣ እንዲህ ነው እሱ።

ከዚያ ልታገባ የተቃረበች አንዲት የእማዬ ደንበኛ መጣች። የእናቷን ነጭ ቀሚስ ጎንና ጎኑን እንድታሰፋላት ሰጥታት ነበር። እማዬ ቀሚሱን ዘርግታ ስታሳያት ልጅቷ ተቀበለቻት። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ አገላበጠችው፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ ማልቀስ።

«እትዬ፣ ጎኑ ቢጫ ነው እኮ!»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ ነው!» አለች እማዬ።

ተነስቼ አየሁት። ቅቤ የመሰለ ቢጫ ነው። ልጅቷ ቀሚሷን ጠቅልላ፣ እያለቀሰች ወጣች። ደሜ ፈላ፤ ተከትያት ወጥቼ ሰው እንዲህ ይዋረዳል ወይ ልላት ነበር። እማዬ ግን እጄን ያዘችኝና፣ «ቢጫ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

እኔ፣ ምላሴ የማያርፈው፣ ወደ በሩ ዞርኩ። «ትንሽ…» አልኳት።

የመኪናዋን ልብስ አምጥታ መኪናዋን ሸፈነችው።

ከዚያ በኋላ አልሰፋ አለች። ጨርቅ ይዘው የሚመጡትን ሥራ አቁሜያለሁ ብላ መለሰች። አንድ ቀን ድንች ስንልጥ፣ ሳትጠየቅ፣ «እናቴንም እንዲህ አድርጎ ነው የጀመራት» አለችኝ። «በፊት ጨውና ስኳር ተምታታባት። ሳቅንባት። ከዚያ ቤቷ ጠፋት። ከዚያ እኔን ‹አንቺ የማን ልጅ ነሽ?› አለችኝ። ጃጅቻለሁ፣ ልጄ።»

«ኧረ በሕግ! ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

«ጃጅተሻል ሊለኝ? እሱንማ እዚሁ ቁጭ ብዬ አውቄዋለሁ።»

አንጀቴን በላችው። ሐዘኔን የት እንደማደርሰው ስላልገባኝ ቀለሜ ከሥራ ሲገባ እሱ ላይ ጮህኩበት። «አንተ ቀለም አዋቂ ነኝ ባይ! እናትህ ልቧ ተሰብሮ ቁጭ ብላለች፣ አንተ ያንን እጅጌ አንጠልጥለህ ትዞራለህ!»

እጅጌውን ማየት ጀመረ። እስኪሰለቸኝ ድረስ አየው። ድንገት ብድግ ብሎ እናታችን ዘንድ ገባ።

«እማዬ፣ ለሥራ ፈልጌ ነው፤ ከክር ሣጥንሽ አንድ የሚመስሉሽን ክሮች ጥንድ ጥንድ አድርጊልኝ።»

«ልትፈትነኝ ነው?»

«ለሥራ ነው አልኩሽ።»

እየተነጫነጨች መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ነጩን ከክሬሙ አጣመረችው። ጥቁሩን ከጥቁር ሰማያዊው። ሰማያዊውን ከአመድማው። ግን ደግሞ እኔ አንድ ናቸው ያልኳቸውን ሁለት ቀይ ክሮች፣ «ይሄኛው ጠቆር ይላል፤ ዓይን የለሽም እንዴ?» ብላ ለየቻቸው። አረንጓዴዎቹንም እንደዚሁ፤ አንዷንም አልሳተች።

ቀለሜ ከማተሚያ ቤቱ መዳፍ የምታክል የቀለም መለኪያ አስፈቅዶ አመጣ። ክሮቹን ካርቶን ላይ እየጠቀለለ መለኪያዋን ሲያሳርፍባቸው ቁጥር ታወጣለች። ቁጥሮቹን ሁሉ አስገባ፣ ትእዛዙን ጻፈ፣ ላከ። ጥቁሯ መስኮት ሁለት መስመር ተፋች።

«ምን አለህ?» አለች እማዬ።

«ተሳስተሃል አለኝ። ነጠላ ሰረዝ ረስቼ ነው።»

አስተካክሎ ላከው። እማዬ ዞር ስትል ደግሞ መለኪያዋን መጀመሪያ የዚያ ሸሚዝ ደረት ላይ፣ ቀጥሎ እጅጌው ላይ ሲያሳርፋት አየሁት። እነሱንም ጨመራቸው። የፈረስ ኮቴው ሥዕል መጣ። ነጥቦቹ ውስጡ ተበትነዋል፤ እማዬ አንድ ናቸው ያለቻቸው ጥንድ ጥንዶች ደግሞ በመስመር ተያይዘዋል።

እኔ ብዙ የተማርኩ አይደለሁም፤ ግን አየሁት። መስመሮቹ ሁሉ እንደ ጃንጥላ ሽቦዎች ወደ አንድ ጥግ ያመለክታሉ። ወደ ሰማያዊው።

ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጣት። «እማዬ፣ አንቺ ጃጀሁ አልሽ። አእምሮ ሲስት ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ ይስታል፣ ስህተቱ ይበታተናል። ያንቺን ተመልከቺ። አንዱም ወደ ቀይ አልሄደም፤ አንዱም ወደ አረንጓዴ አልሄደም። ሁሉም በአንድ መንገድ ነው የሄዱት። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይሄ አእምሮሽ አይመስለኝም። ዓይንሽ ላይ ቢጫ ነገር ተጋርዶ ሰማያዊውን አላሳልፍ ብሎሽ ነው።»

መስመሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው። አንዱን፣ ሌላውን፣ እንደገና የመጀመሪያውን።

«እናቴ ግን ጨውና ስኳር…»

«ጨውና ስኳር እዚህ ሥዕል ላይ የሉም።»

«አልጃጀሁም?»

«አልጃጀሽም።»

ከዚያ አለቀሰች። ሙሽራዋ ስትወጣ ያላለቀሰችውን፣ መኪናዋን ስትሸፍን ያላለቀሰችውን ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰችው። እኔም አብሬያት፤ ሳለቅስ ድምፄ ትልቅ ስለሆነ በመጨረሻ እኔን የምታባብለኝ እሷ ሆነች። «ነገ ውሰዱኝ» አለች አፍንጫዋን እየጠራረገች።

ቀለሜ ሥዕሉን አትሞ በኪሱ ይዞ ነበር። ሐኪሙ አየለትና ፈገግ አለ፤ ከዚያ በራሱ መብራት ዓይኗን አየ። የዓይን ሞራ ነው፣ በሁለቱም፣ የቆየ ነው አለ። በሌላ ቀን ቀኙን ገፈፉላት። ግራው ወር ይቆይ ተባለ።

ፋሻው ተነስቶላት ቤት ሳስገባት በሩ ላይ ቆመች። «ይሄ ግድግዳ ሰማያዊ ነው?»

«ከተቀባ ጀምሮ።»

«ወይ ጉድ!» ዞራ እኔን አየችኝ። «አንቺም ሸብተሻል ለካ! ምነው እንዲህ አረጀሽ?»

«ሐኪሙ ሞራውን መልሶ ያድርግልሽ እንዴ?» አልኳት። እንደዚያ ቀን ስቀን አናውቅም።

ቀለሜ ከሥራ እየሮጠ ገባ። መጣደፉ የለበሰውን አስረስቶታል፤ ያንን ሸሚዝ ነው የለበሰው። እማዬ ሳቋን አቆመች። አዲሱን ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በአሮጌው አየችው። ቀጥላ አሮጌውን ሸፍና በአዲሱ አየችው። ደግማ እንደዚያው አደረገች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?» አለ፤ ዘግይቶ ገባውና እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«እጅጌው።»

«ከሰፋሽልኝ ጀምሮ።»

«እንዲህ ሆነህ ነው ሥራ የምትሄደው? ቀለም የሚያውቁ ሰዎች መሃል?»

«አዎ።»

«አይስቁብህም?»

«ይስቃሉ። እናቴ ናት የሰፋችልኝ ስላቸው ይተዉኛል።»

እማዬ ቁልቁል መሬቱን አየች። ከዚያ ሄዳ የመኪናዋን ልብስ ገፈፈች።

«አውልቅ።»

«ኧረ እማዬ፣ እንዳትጎነበሺ ተብለሻል!» አልኩ እኔ።

«አልጎነበስም። ሸሚዙ ወደ እኔ ይምጣ። አውልቅ አልኩህ!»

አውልቆ በካናቴራ ቆመ። እጅጌውን መፍታት ልትጀምር ስትል ክር አምጪልኝ የምትለኝ መስሎኝ ብድግ አልኩ። አላለችኝም። ራሷ ሣጥኗን ከፍታ፣ ክሮቿን አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ እያነሳች አየቻቸው። አንዱን መረጠችና ይዛው መጣች።

እኔ ነገረኛዋ አላስችል ብሎኝ ክሩን ከእጇ ወስጄ መስኮቱ ሥር ከሸሚዙ ደረት ጋር አስተያየሁት።

«ምነው፣ ቢጫ ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

«አይደለም እማዬ» አልኳት እንባዬ እየመጣ። «ሰማያዊ ነው።»