ጋሼን ሳልጠብቅ

ከአራታችን ሦስታችን የባንዱን ችግር እናውቅ ነበር። አራተኛው አያውቅም፤ ችግሩ እሱ ነበራ።

አራተኛው ወንድሜ ነው። በአምስት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ባንዱን ያቋቋመው፣ ዘፈኖቹን የጻፈው፣ ድራሙን ሳይቀር የገዛልኝ እሱ ነው። ሲዘፍን መንገደኛ ያስቆማል። ጊታር ሲመታ ግን ይዘገያል። ብዙ አይደለም። ደረጃ የሚወጣ ሰው እግሩን ከማንሳቱ በፊት ትንሽ እንደሚያስበው ያህል ነው። ዝግ ያለ ዘፈን ላይ ማንም ልብ አይለውም። ሮክ ላይ ግን ያጋልጣል። እሱ ሲዘገይ እኔ እጠብቀዋለሁ፣ እኔ ስጠብቅ ቤዙ ይጠብቀኛል፣ እየሮጠ የጀመረው ዘፈን እያነከሰ ያልቃል።

ለምን አልነገርሽውም የሚለኝ ይኖራል። እኔ አፌን የምይዝ ልጅ አይደለሁም። የሂሳብ አስተማሪዬን ስህተቱን ነግሬው ከክፍል አስወጥቶኛል። የእናቴን እንግዳ ሽቶዋ እንደሚያስነጥሰኝ ነግሬያታለሁ። እኛ ቤት ግን ገበታ ላይ አባባ ካልቆረሰ ጋሼ አይቆርስም፣ ጋሼ ካልቆረሰ እኔ አልቆርስም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዓይኔ የእሱን እጅ ማየት ለምዷል። ድራሙ ላይ ስቀመጥም የማየው ያንኑ እጅ ነበር።

አባታችን የአየር መንገድ ሠራተኛ ስለሆነ የምንኖረው ካይሮ፣ ሄሊዮፖሊስ ሰፈር ነው። ቤዝ የሚመታው አንድ ፎቅ ከበታቻችን የሚኖር አርመን ነው። እሱ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ ገመዱን ይወለውላል። ሁለተኛውን ጊታር የሚመታው የኤምባሲያችን ጸሐፊ ልጅ ሲሆን፣ ከከተማው ማዶ፣ ከዶቂ ሰፈር አውቶቡስ እየቀየረ ይመጣል። ከጋሼ የበለጠ ጎበዝ ነው፣ መብለጡንም ያውቃል፣ ግን ጋሼ በዕድሜ ስለሚበልጠው ቃል አይተነፍስም። ቃል ባልተነፈሰ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ስሸኘው፣

«ከተነገረው ባንዱ ይፈርሳል፣ ካልተነገረውም ይፈርሳል» አለኝ። «እኔ ሳይፈርስ ልወጣ ነው።»

«እስከ ሸክላው ጠብቅ» አልኩት።

ሸክላ ያልኩት እውነት ነበር። አንድ አነስተኛ ሸክላ አሳታሚ ትምህርት ቤት ድግስ ላይ ሰምቶን፣ ሁለት ዘፈን በሁለት ፊት እናውጣላችሁ ብሎ ነበር። ቀረጻውን እንዲመራ የሰጠን ሰው ሱፍ የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። ከስቱዲዮው መስተዋት ጀርባ ይቀመጥና ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር አውራ ጣቱን ያነሳል። ብንሳሳትም ያነሳል። አንድ ጊዜ የዶቂው ልጅ ገመድ ተበጥሶበት ሁሉ አነሳ። የነገረን ብቸኛ ነገር አንድ ዓይነት ሸሚዝ እንድንለብስ ነው። በሦስት ጠዋት ቀረጻ አንድ ዝግ ያለ ዘፈን ብቻ ለሸክላ በቃ። ፈጣኑን አሳታሚው ሰምቶ አንድ ቀን ብቻ ሰጠን፤ አርብ ጠዋት፣ ከሌላ ሰው ጋር። ካልሆነ በቃ።

ጋሼም በበኩሉ ቆርጦ ነበር። አባባ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት ቦታ አግኝቶለታል። «አርብ ካልሆነ እሄዳለሁ» አለኝ። «ጊታሩን ለፈለግሽው ስጪው።»

ስቱዲዮው መሀል ከተማ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ መኖሪያ ቤት ነው። ግድግዳው ሁሉ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ችግሩ ከመንገዱ ማዶ መስጊድ አለ፣ የድምፅ ማጉያው ደግሞ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ነው የዞረው። የአርብ አዛን ከተጀመረ ስብከቱ ይከተላል፣ ያን ጊዜ ማይክሮፎኑ የሚሰማው እኛን አይደለም። ስለዚህ ያለን እስከ አዛን ነው።

አዲሱ ሰውዬ ሁሉም ሰው ለአክብሮት ኡስታዝ፣ ማለትም መምህር፣ የሚለው፣ ሽበታም፣ ሆዱ ወጣ ያለ ግብፃዊ ነበር። ከእኛ ጋር ጨርሶ ወደ ጁምዓ ለመሄድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል። የዶቂው ልጅ በጆሮዬ፣ «ይሄ ስለ ሮክ ምን ያውቃል?» አለኝ። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው።

ጀመርን። ገና መሀሉ ላይ ሳንደርስ በሩ ተከፈተና ኡስታዙ ገባ። ጋሼ እጁን ከገመዱ አንስቶ ብድግ አለ። የዶቂው ልጅ ብድግ አለ። እኔም ዱላዬን እንደያዝኩ ከበርጩማዬ ግማሽ ተነሳሁ። አርመኑ ብቻውን ቤዙን ሲመታ ትንሽ ቆየና እሱም ተወው።

«ምነው፣ እሳት ተነሳ?» አለ ኡስታዙ።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ኡስታዝ» አለ አርመኑ። «ሐበሾች ናቸው። ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሳሉ። በር ላይ ብታያቸው፣ አንተ ግባ አንተ ግባ ሲባባሉ ሊፍቱ ጥሏቸው ይሄዳል።»

«ሊፍቱ አይሠራም» አልኩ።

«እናንተን ጠብቆ ሰልችቶት ነዋ።»

ኡስታዙ አልሳቀም። ተራ በተራ አየን። «ከእናንተ ታላቁ ማነው?» አለ። እኔና የዶቂው ልጅ ሳናስበው ወደ ጋሼ ዞርን።

«ኸላስ፣ በቃ ገባኝ» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኔ ሃያ ዓመት ሠርግ ላይ ጠብላ፣ ከበሮ፣ መትቻለሁ። ሙሽራው ሲገባ ሁሉም ይነሳል። ጠብላ መቺው ከተነሳ ግን ሠርግ የለም። ተቀመጡ» አለ።

ሁለተኛውን ሙከራ ስንጀምር መስተዋቱ ጀርባ አልሄደም። ጀለቢያውን ሰብስቦ ድራሙ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። አባቴን የሚያህል ሰው መሬት ተቀምጦ እኔ ከላዩ በርጩማ ላይ። ላብ አጠመቀኝ። ዱላዬን ያየኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኔን ነበር የሚያየው። ዘፈኑ እንደ ልማዱ እያነከሰ አለቀ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አለኝ፣ «ስትመቺ ምኑን ነው የምታዪው?»

«ድራሙን።»

«ዋሸሽ። የወንድምሽን እጅ ነው።»

ጋሼ ያልላላ ገመድ ማጥበቅ ጀመረ። የዶቂው ልጅ እግሩ ወደ ጊታር ሣጥኑ ሄደ፤ ዓይኔን አፍጥጬ አቆምኩት። አሁን ይናገረዋል ብዬ ነበር፣ ኡስታዙ ግን ተነስቶ ጋሼን በክብር ክንዱን ያዘው።

«የባንዱ አባት አንተ ነህ» አለው። «ግን ቤትህን ከውስጥ እንጂ ከመንገዱ ማዶ ቆመህ አይተኸው አታውቅም። ና ከእኔ ጋር ተቀመጥና ስማ።»

ለታላቅ የሚገባ አነጋገር ስለነበር ጋሼ እምቢ ማለት አልቻለም። ከመስተዋቱ ጀርባ ገባ። ድራሜን ደግሞ ፊቴ ወደ ብርድ ልብሱ፣ ጀርባዬ ወደ መስተዋቱ እንዲሆን ኡስታዙ አስዞረው።

ቆጠርኩና ሦስታችን ጀመርን። ከፊቴ ግራጫ ብርድ ልብስ ብቻ ነው ያለው። የጋሼ እጅ የለም። ዘፈኑ በራሱ እግር ቆመ፣ ከዚያ ሮጠ። የዶቂው ልጅ እንደዚያ ሲመታ ሰምቼው አላውቅም። እዚህ ላይ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣብኝ። ጋሼ እየሰማ ነው። አሁን ሆን ብዬ ብዘገይ፣ ከእሱም ጋር ያለ እሱም ያው ነው ይላል፣ ሸክላው ይቀራል፣ ክብሩ ግን አይነካም። እጄ ለማዘግየት ተዘጋጅቶ ነበር። የዶቂው ልጅ ገብቶት እንደሆነ አላውቅም፣ አጠገቤ መጥቶ እግሩን ወለሉ ላይ መታ። አላዘገየሁም። እስከ መጨረሻው እንደሚገባው መታሁት፣ ጀርባዬ ግን ተቃጠለ።

ጋሼ ወጣ። ድራሙን ዞሮ ከፊቴ ቆመ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ትመቺ ነበር?»

«ብቻዬን ስሆን።»

«እኔ ስኖርስ?»

ዱላዎቼን ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩ።

«አንቺን እኮ ነው፣ ሚጣ።»

«እጠብቅሃለሁ፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ድራሙን ከገዛህልኝ ቀን።»

ወደ ዶቂው ልጅ ዞረ። «አንተም ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ምን አግብቶኝ...»

«ታውቃለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔን ማንም አይጠይቀኝም» አለ አርመኑ። ማንም አልሳቀለትም።

ጋሼ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኡስታዙ ሰዓቱን አየና፣ «ሩብ ሰዓት ቢቀረን ነው» አለ። «ከዚያ በኋላ ቴፑ የመስጊዱ ነው።»

«ጊታሬን ላስቀምጠው?» አለ ጋሼ።

«አታስቀምጠው፣ ታቅፈኸው ዝፈን። እጅህ ከደረሰ ይምታ፣ ካልደረሰ ተወው። ስትዘፍን መዘግየትህን እወደዋለሁ። ጊታርህ ሲዘገይ ግን ይቺ ልጅ አብራህ ትዘገያለች።» ይህን ከማይክሮፎኑ ፊት ወንበር እየሳበለት ነው የተናገረው፣ ውሃ ጠጣ እንደሚል ሰው።

ጋሼ ተቀመጠ። ሳይዞር፣ «አትጠብቂኝ» አለኝ።

«እሺ።»

«ብወድቅም።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ጊታሩ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ገባ። እኔ ሄድኩ። ሊደርስብኝ ሞከረ፣ ሳተ፣ እንደገና ሞከረ። ብርድ ልብሱ ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ላይ ዓይኔን ተክዬ መታሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጊታሩ ዝም አለ። ድምፁ ብቻ ቀረ። ድምፁ ከድራሙ ኋላ ሳይቸኩል ይመጣል፣ የትም እንደማንጠፋበት የሚያውቅ ሰው ይመስላል። የመጨረሻውን መታሁ። የድራሙ ነሐስ ሳህን ድምፅ ገና ሳይሞት ከመንገዱ ማዶ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

ኡስታዙ ማሽኑን አቁሞ፣ የቴፑን ጭራ አሰማን። በጥሞና ሰምቶ፣ «የሙአዚኑ ጉሮሮ ማጥራት ገብቷል» አለ። «በምላጭ እቆርጠዋለሁ። ይቅር ይለኛል፣ ጎረቤቴ ነው።» ነጠላ ጫማውን አድርጎ ወደ ሰላቱ ወረደ።

ጋሼ ዘጠኝ ቀን አላናገረኝም። ገበታ ላይ ይቆርሳል፣ ይበላል፣ ይነሳል። እናቴ «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። ባንዱ ውስጥ የተደረገውን ለእናት ማስረዳት አይቻልም። ደግሞም በድያለሁ ብዬ አላምንም። ቢሆንም በዚያ ሰሞንም እሱ ሳይቆርስ አልቆረስኩም።

ሸክላው ደረሰ። ሳሎን ተሰብስበን ሰማነው። አባባ እስኪያልቅ ድረስ ጋዜጣውን አላገላበጠም። እናቴ አንገቷን እየነቀነቀች፣ «ጎሽ። የአንተ ጊታር የትኛው ነው?» አለችው።

«የማይሰማው» አለ ጋሼ። ከዚያም በዘጠኝ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝና፣ «ነገ ልምምድ አለ፣ እንደ ወትሮው ጣሪያው ላይ» አለኝ። ስለ አዲስ አበባ ያነሳው ነገር የለም።

በማግሥቱ የዶቂው ልጅ ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ ጠበቀን። ጋሼ ጊታሩን አንስቶ ፈጣኑን ዘፈን እንድንጫወት ጠየቀ። አልጠበቅኩትም። መሀሉ ላይ ወደቀ፣ ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። ሲያልቅ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣

«እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ዘገየህ።»

«ከበፊቱ ያነሰ ነው?»

«አዎ።»

«አትዋሺኝ።»

«እንደ በፊቱ ነው።»

ጋሼ ገመዱን በመዳፉ አፈነ። «እንደገና» አለ።

እስከዚያ ቀን ጣሪያው ላይ የሚቆጥረው ሁልጊዜ እሱ ነበር። አሁን ዝም ብሎ እጄን ያያል። ዱላዎቼን አጋጨሁና ቆጠርኩ።