አሥር ዙር የሚያስጠብቀው ጨለማ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ስልኳ ላይ ስለ ፕላኔቶች የተሠራ ጨዋታ ስትጫወት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቦታ ሲደርስ «ጥቂት ይጠብቁ» አላት። ጥግ ላይ ያለች ምልክት ነካ አድርጋ አለፈችው። «መጠበቅማ ይሰለቻል፣ አክስቴ» አለችኝ። ሐሳቤ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ውቢት ዘንድ ሄዶ ነበር።

ዘጠናዎቹ መግቢያ ላይ መሐል ሜዳ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ግን ሃያ አንድ። ትምህርት የገባሁት ዘግይቼ ስለሆነ የክፍሌ ልጆች ሁሉ ታናናሾቼ ናቸው። «እትዬ» ይሉኛል፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ሹፈት። ብዙ አልናገርም ነበር። አፌን የምከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ለማረም ነው፤ ይህን ዛሬ ሳስበው ደስ አይለኝም።

የሳይንስ መምህራችን ከክረምት ትምህርት ሲመለሱ ዳሩ የተበላ የእንግሊዝኛ መጽሔት ይዘው መጡ። ከምድር በላይ እየዞረ ሰማይን ስለሚያይ ቴሌስኮፕ የሚያወራ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ ሳምንት ታገልኩት። ለወረዳው የትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን ከዚህ መጽሔት ጨዋታ እንድንሠራ ሦስታችንን መረጡን፦ ውቢትን፣ ደምሴንና እኔን። የሚያሸንፈው ቡድን ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ለደምሴና ለእኔ ይህ ጉብኝት ነው። የውቢት እናት ግን ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ውቢት ካየቻት ሁለት ዓመት አልፏል።

ሰማዩን የሠራነው ከአሮጌ ባና፣ ከሱፍ ብርድ ልብስ ነው። ያገራችን የጥቁር በግ ሱፍ እንደ ሌሊት ሰማይ አድርጎ የሚያጠቁረው ቀለም አያስፈልገውም። ኮከቦቹን በነጭ ክር ጠለፍን። ተጫዋቹ ቁጥር ከተጻፈባቸው ባቄላዎች አንዱን ከጣሳ ያወጣና በቁጥሩ ልክ ይራመዳል፤ ላረፈበት ቦታ የጻፍኩት ካርድ ቴሌስኮፑ ያገኘውን አንድ ነገር ይነግረዋል። የታኅሣሥ ውርጭ ጣታችንን እያደነዘዘው፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ከትምህርት መልስ እንሰፋለን።

መሐል ላይ ምንም ያልተጠለፈበት አንድ ጥቁር ቦታ ነበር። መጽሔቱ እንደሚለው ቴሌስኮፑ ባዶ የሚመስል ቁራጭ ሰማይ ላይ አሥር ቀን ትክ ብሎ ቢያይ በሺህ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች አገኘበት። እኛም እዚያ ላይ የሚገለጥ ክዳን ሰፍተን፣ ከሥሩ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ክር ነጠብጣብ አድርገን ሞላነው። የጨዋታው ሁሉ ጌጥ እሱ ነበር። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ እዚያ ያረፈ ሰው ሌሎቹ አሥር ዙር እስኪጫወቱ ይጠብቃል፤ ከዚያ ክዳኑን ይገልጣል።

ስንሞክረው ደምሴ ላይ ደረሰ። አምስተኛው ዙር ላይ እጁን አጣጥፎ፣ «እትዬ፣ ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ሱባኤ?» አለኝ።

ውቢት አልሳቀችም። «ሦስት እናድርገው» አለች ቀስ ብላ።

«ያየው አሥር ቀን ነው» አልኳት።

«ቴሌስኮፕ አይሰለቸውም። ሰው ነው የሚጫወተው።»

«ታዲያ ሰው ቢሰለቸው እውነቱ ይቀየር?»

«እትዬ፣ በናትሽ...»

ያን ቃል ሁላችንም በቀን ስንቴ እንለዋለን። እሷ ግን ስትለው ዐይኗ እንባ አቀረረ። አየሁት፤ አይቼም ወደ ካርዶቼ አቀረቀርኩ። ሕጉ አሥር ዙር እንደሆነ ቀረ።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ዳኛው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከውቢትና ከደምሴ ጋር ሊጫወቱ ተቀመጡ። ሁለተኛ ባቄላቸው ጥቁሩ ቦታ ላይ ጣላቸው። «ልጠብቅ?» አሉ ፈገግ ብለው። «አሥር ዙር ይጠብቃሉ፣ ጋሼ» አልኩ። ልጆቹ ባቄላ በጥድፊያ ያወጣሉ። ውቢት ክዳኑን ታያለች፣ እሳቸውን ታያለች፣ እኔን ታያለች። አራተኛው ዙር ላይ ሰዓታቸውን አዩና ብድግ አሉ። «ጎበዞች፣ በርቱ» ብለው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። ክዳኑ ሳይገለጥ ቀረ። ደብረ ብርሃን የሄዱት የውኃ መሳቢያ የሠሩት ልጆች ናቸው።

ውቢት አልወቀሰችኝም። ባናውን አጣጥፋ አስታቀፈችኝ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ያልኩት ግን «እኮ አሥር ቀን ነው የሚለው» ብቻ ነው። መጽሔቱን አውጥቼ መስመሩን ላሳያት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም ትዕግሥት እንደሌላቸው ዳኛ ታሪክ አድርጌ። አራት ዙር እንኳ መቀመጥ ያቃታቸው ሰው ስለ ሰማይ ምን ሊፈርዱ፣ እላለሁ። ይህን ጽፌ ስጨርስ ግን ውቢት ሳትሰማው ማስቀመጥ አልሆነልኝም። ዛሬ ዘመሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ትኖራለች፣ የልጆች እናት ናት። ደወልኩና በስልክ አነበብኩላት። ከኋላዋ በጎች ይጮኻሉ።

«ጥሩ ነው፣ እትዬ» አለች ስጨርስ። «አራተኛው ላይ ግን አይደለም የተነሱት። ስምንተኛው ላይ ነው። እየቆጠርኩ ነበር።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «አራተኛው» የሚለውን ልሰርዝ ብዕሬን አነሳሁ፤ መልሼም አስቀመጥኩት። እንዳለ ይቅር፤ እነዚህን ሁሉ ዓመታት የቆጠርኩት እንደዚያ ነውና። ሰውየው ጠብቀው ነበር። ሁለት ዙር ብቻ ነው የቀራቸው፤ ሁለቱን ልተውላቸው እችል ነበር።