ሮዘተንቪል ፀሐይ፣ ጻካኔ ዝናብ

ጆሃንስበርግ ከነዙሪያዋ አንድ ሰማይ ነው ያላት የሚል ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ። እኔና ልጄ የምንኖርበት ሮዘተንቪል ያሰጣሁት ልብስ ሲደርቅ፣ የባለቤቴ ሱቅ ያለበት ጻካኔ ጎርፍ ይወርዳል። ሶዌቶን በረዶ ሲቀጠቅጣት እኛ ሰፈር አቧራ ይነሳል። ይህንን ለዓመታት እያየሁ ኖሬ፣ የዚያን እሑድ የገዛ መስኮቴን አመንኩ።

ባለቤቴ የሚያድረው ሱቁ ውስጥ ነው። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ሊበላ መጣ። ቅዳሜ የሱቁን ጣሪያ ሊጠግን ሁለት ቆርቆሮ ነቅሎ፣ ላስቲክ እንኳ አላለበሰውም። የመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ እዚያው ከኮርኒሱ በላይ ነበር። ሌባ ሱቅ ከገባ ጠራርጎ ስለሚሄድ፣ እኛ ባለሱቆች ፔፐር የምንለውን ይህንን ፈቃድ የምንደብቀው እዚያ ነው። የሚታደሰውም በማግስቱ ሰኞ ነበር።

"ልሂድና ላስቲኩን ላልብሰው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው" አለኝ።

"አንተ ደግሞ! እስቲ ቀና በል፣ ደመና የሚባል አለ? አርፈህ ብላ" አልኩት።

ናፍቆኝ ነበር። በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የማየው።

ምሳ በልተን ሳንጨርስ ስልኩ ጮኸ። የሱቁ ጎረቤት ናት፣ ሁላችንም ጎጎ የምንላት አሮጊት። ከድምፅዋ ይልቅ የዝናቡ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

"ሃይቦ! ውሃው በበርህ እየወጣ ነው! የት ነህ አንተ?"

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ጠራራ ፀሐይ! ያንን ሰማይ ረገምኩት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ "አርፈህ ብላ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ሁለት ታክሲ ቀያይረን ስንደርስ አባርቷል። ኮርኒሱ ተደርምሶ ስኳሩ ላይ ተዘርግቷል። ወረቀቱን ከሥሩ ፈልጌ አወጣሁት። ቀለሙ ፈሷል፤ ፎቶውም ስሙም አይለይም። በነጠላዬ ጠረግ ሳደርገው ጭራሽ ተቀደደ። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የራሰውን ስኳር መጥረግ ጀመረ።

ሌሊቱን እኛ ጋ አድሮ፣ ሰኞ ማለዳ የተረፈውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ፈቃድ ወደሚታደስበት ቢሮ ሊሄድ ተነሳ።

"መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆመኝ ማን ነኝ ልበል?" አለኝ።

ነጠላዬን አንስቼ "አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት።

በሩን ከውጭ ያዘብኝ።

"አንቺ ቅሪ" አለኝ፣ "እኔን ቢይዙኝ ለልጅቷ አንዳችን እንኳ እንትረፍላት።"