ከካሴት ጭራ የለቀምነው ሙዚቃ

ለልጆቼ ካሴት ምን እንደነበር ሳስረዳ ከሁሉ የሚያስቃቸው የቀዳዳው ነገር ነው። ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ካሴት አናቱ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ እነሱ ክፍት እስከሆኑ ድረስ በላዩ ሌላ ነገር መቅዳት አይቻልም። እኛ ሮቤዎች ግን ለዚህ መላ ነበረን። ከደብተር ጫፍ ቁራጭ ወረቀት ቀደድ፣ በምራቅ ረጠብ አድርጎ ጠቅጠቅ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ዘፋኙ የፈለገውን ያህል ዝነኛ ይሁን፣ በላዩ ላይ የአክስትን ሰላምታም የበግ ጩኸትም መቅዳት ነው። እኩዮቼ የሆናችሁ ይህን ስታነቡ የዚያ ወረቀት ጣዕም አፋችሁ ላይ እንደሚመጣ አልጠራጠርም።

ዘመኑ የደርግ ነበር፣ ወደ ማለቂያው ገደማ። አባቴ የመንግሥት እርሻ የኮምባይን መካኒክ ስለነበር ማታ ሲገባ ቤቱ ግራሶና የስንዴ ገለባ ይሸት ነበር። በሰፈራችን ቴፕ ካላቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ የእኛ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ በሮቤ ብርድ ግን መጀመሪያ ፀሐይዋ ራሷ እስክትሞቅ መጠበቅ ነበረብን። ቴፑን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ “ይህቺ ልጅ እጇ ቀላል ነው” ይላል፤ እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና “ለዕቃ ማጠብም ቢቀል ምን ነበረበት” ትላለች።

በዚያን ጊዜ ሰባት ወንዝ የሚባለውን ባንድ የማያውቅ አልነበረም። የመጀመሪያ ካሴታቸው ያልተጨፈረበት ሰርግ ሰርግ አይባልም። ከሮቤ ጎባ በሚመላለሱት ላንድሮቨሮች ውስጥ ተጨናንቀን ስንሄድም የምንሰማው እሱን ነው። ኋላ ግን ዋናው ዘፋኝ ተለያቸውና የቀሩት ብቻቸውን ሁለተኛና ሦስተኛ ካሴት አወጡ። ግማሹ ቃል የሌለው፣ ሳክስፎንና ኦርጋን ብቻ ነው፤ ቃል ያለውም ቀዝቀዝ ያለ ነው። የከተማችን ሰው “ትከሻ የማያነቃንቅ ካሴት ምን ያደርግልኛል” አለና ፊቱን አዞረበት። እውነቱን ለመናገር እኔም አንዷ ነበርኩ።

ሁለቱ ካሴቶች የቃዲሮ ሙዚቃ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለበሱ። ቃዲሮ ቀጭን፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነበር፤ ካሴት ከፋኖስ ክርና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ደባልቆ ይሸጣል። ያን ጊዜ ባዶ ካሴት እንደ ልብ አይገኝም። እሱም አሰበና የማይሸጡትን የሰባት ወንዝ ካሴቶች ቀዳዳቸውን በወረቀት እየጠቀጠቀ “ባዶ” ብሎ መሸጥ ጀመረ። ለመንዙማ የሚፈልግ ለመንዙማ፣ ለሰርግ ምርቃት የሚፈልግ ለምርቃት ወሰደው። አብዛኛው ሰው ግን የወሰደው ድምፅ ለመላክ ነበር።

ወንድ ልጁ ወደ ሰሜን ያልዘመተበት ቤት ጥቂት ነበር። ደብዳቤ መጻፍ ለማይችል ወላጅ ካሴት ትልቅ ነገር ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ከትንሹ ይጀመርና እናት ወይም አባት ይደመድማል። ለፈቃድ የመጣ ወታደር ሲመለስ ይዞለት ይሄዳል። ስለ ኑሮ ክፋት አይወራም፣ ማን እንደሚሰማው አይታወቅምና። “ደህና ነን” ነው የሚባለው፤ ዝናብ ዘነበ፣ ገብሱ ደረሰ፣ እገሊት ወለደች።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማም ለልጃቸው ለጀማል ድምፅ ሊልኩ ካሴታቸውን ይዘው እኛ ቤት መጡ። አዴ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያ ላይ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ተከራክረው የሚረቱ። ልጃቸው ሰዓዳ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍና የማጫወቻውን አንድ ላይ ስጫን ግን እኚያ ተናጋሪ ሴት ደነገጡ። “ጀማል ኮ፣ አካም ጂርታ?” አሉ፤ ጀማሌ፣ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው። “እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ላሚቱ ወልዳለች። ጥጃዋ ቡሬ ናት።” ከዚያ እሳቸው ቴፑን፣ ቴፑ እሳቸውን እያየ ቆዩ። በእጄ “ይቀጥሉ” ብላቸው “በቃ፣ ሌላውን አላህ ይጨምርበት” ብለው ተነሡ። ሰዓዳ ከቤቱ ስትወጣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ ነበር።

መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። ያመጣው የጎባ ልጅ የሆነ፣ የጀማል ጦር ክፍል ባልደረባ ነው፤ ለአጭር ፈቃድ የመጣ። ጀማል በዚያው ካሴት በሌላኛው ጎን ተናግሮበታል። ድምፁ ጎርንኖ፣ እኔ የማውቀው ያ ቀልደኛ ልጅ መሆኑን ለማመን ከበደኝ። ስለ ራሱ ብዙም አላወራ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦ “አዴ ኮ፣ አንቺ ተናግረሽ ስትጨርሺ የሚመጣው ሙዚቃ የማነው? እዚህ ልጆቹ ሁሉ ወደዱት። ከመሐሉ ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያውን አጣን። ወላሂ አነሣሡ እንዴት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ከተገኘ ሙሉውን ላኩልኝ።”

ካሴቱን ገልብጠን አስገባነውና ከአዴ ፋጡማ ድምፅ በኋላ ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለን አዳመጥን። ላሚቱ ወለደች፣ ጥጃዋ ቡሬ ናት፣ በቃ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ፤ ከዚያ ሳክስፎኑ መሐል መንገድ ላይ እንደተገናኘነው ሰው ከተፍ ይላል። አባቴ የሚጠርገውን ብሎን አስቀመጠ። እኔ ስንቀው የኖርኩት ሙዚቃ ነበር፤ ደረቴ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። አዴ ፋጡማ ግን ሙዚቃውን አልሰሙትም፤ የልጃቸውን ልመና ብቻ ነው የሰሙት። “ጩኮ ቢለኝ ገብሱን ቆልቼ፣ ቅቤውን ለውሼ እልክለት ነበር። ይኼን ከየት ላምጣለት?” አሉና ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ከሄደ ጀምሮ ከእናቱ አንድ ነገር ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወታደሩ ደግሞ ቅዳሜ ይመለሳል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቃዲሮ ሮጥን። መደርደሪያው ላይ አንድም አልቀረም፤ ሁሉንም ራሱ “ባዶ” አድርጎ ጨርሶታል። ከሰዓዳ አፍ ተረት አይጠፋም፤ “በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች” አለችው። ሳቀና “ካሴቶቹ እንኳ እዚሁ ሰው ቤት ናቸው። ግን ተቀድቶባቸዋል፣ ምን ይሠሩላችኋል?” አለ። መልሷ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። “እናቴ ላሚቱን ተናግራ ስትጨርስ ሙዚቃው ይቀራል። ሌላውም ሰው እኮ ወሬው ያልቅበታል።”

የካሴት ጭራ ለቀማው እንዲህ ተጀመረ። በየቤቱ እየገባን ሰላም ብለን፣ እርጎ ጠጡ ሲሉን ጠጥተን፣ ስለ ጀማል እንናገራለን። የጀማል ስም ሲነሣ እምቢ ያለን የለም። ያልጠበቅነው ነገር ግን ሌላ ነበር። ሰዎቹ የካሴታቸውን ጭራ ያውቁታል። የሰፈራችን አናጢ የወንድሙ ድምፅ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ዘፈን ሚስቱ እያንጎራጎረች ልጅ እንደምታስተኛበት ነገረን። ጎባ ያለች አንዲት ነርስ ከሰርጓ ምርቃት ኋላ የሚመጣውን ኦርጋን ብቻዋን ስትሆን ትሰማዋለች። ሁሉም የማን እንደሆነ አያውቁም፣ ግን አንዳቸውም ቴፑን አይዘጉትም ነበር። ማንም አልገዛውም ያልነው ካሴት ለካ ከተማው ውስጥ ተቆራርጦ ሲደመጥ ኖሯል። ያን ቀን ከጎባ ስንመለስ እኔና ሰዓዳ ላንድሮቨሩ ውስጥ ተቃቅፈን ሳቅን፤ ለምን እንደሳቅን እንኳ አናውቀውም።

ጭራ ግን ሁልጊዜ ጭራ ነው። ሰው የሚቀዳው ከመጀመሪያ ስለሆነ፣ ጀማል የፈለገው አነሣስ በሁሉም ላይ ተደምስሷል። ሐሙስ ሆነ። ቃዲሮ ራሱ ሱቁን ዘግቶ መጣና “አንድ ቤት ቀርቷል፤ ሐጂ ቱሬ። ግን እሳቸው ዘንድ ዘፈን ብላችሁ እንዳትገቡ” አለን።

ሐጂ ቱሬ ሽማግሌ ናቸው፤ በየዓመቱ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ ይሄዳሉ። አንድ ዓመት ከቃዲሮ ካሴት ወስደው እዚያው መንዙማ በተውሶ ቴፕ ቀድተው መጥተዋል። ከአዴ ፋጡማና ከቃዲሮ ጋር ደጃቸው ስንደርስ ማን እንደሚናገር ተገፋፋን። አዴ ፋጡማ ቀደሙና “ሐጂ፣ እርስዎ ጋ ካለው ካሴት ላይ፣ ከመንዙማው ኋላ የቀረ ነገር እንዳለ ብለን ነው” አሉ። ሐጂ “ከኋላው ምንም የለም” አሉ። ተስፋ ቆርጠን ልንመለስ ዞርን። እሳቸው ግን “ከፊቱ የሚመጣውን ነው የምትሉት?” አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃዲሮ ካሴቱን ሱቅ ውስጥ ሲሞክረው ትንሽ አጫውቶት ነበር። ሐጂ ደግሞ ካሴት ወደ መጀመሪያው መመለስ እንዳለበት ያኔ አያውቁም ነበር፤ እንደተሰጣቸው አስገብተው ቀዱ። ስለዚህ ከመንዙማው በፊት የሁለተኛው ካሴት መግቢያ አንድም ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ከቀኝ ኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ሳጥን ከፈቱ፣ ካሴቱን አስገቡ። ሳክስፎኑ ከሩቅ ተነሣ፤ ቀስ ብሎ፣ የሳነቴ አምባ ጉም ጠዋት ላይ እንደሚገፈፍ። ሰዓዳ እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ደረሰች። “እኔማ የመንዙማው መግቢያ ነው ብዬ ነው” አሉ ሐጂ። “ልብን ያዘጋጃል። ይህን ሳልሰማ መንዙማውን ሰምቼ አላውቅም።”

ቃዲሮ ፈራ ተባ እያለ “ሐጂ፣ ዘፈን እኮ ነው” አላቸው። ሽማግሌው እስኪያልቅ ጠበቁና “ቃል የለውም። ቃል ከሌለው ሐራሙ የቱ ጋ ነው?” አሉ። ካሴቱን በመሀረባቸው ጠቅልለው ለአዴ ፋጡማ ሰጧቸው። ብቻውን አይሄድም ብለውም ተከትለውን መጡ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤታችን ተሰበሰብን። አባቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን እውነተኛ ባዶ ካሴት አወጣ። የእኛንና የቃዲሮን ቴፕ ፊት ለፊት አስቀመጥን፤ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ይቀዳል። ያኔ ማገናኛ ሽቦ የት ይገኛል? ጭራውን ከአናቱ፣ አናቱን ከጭራው እያገናኘሁ ላቤ እስኪወርድ ሠራሁ። የጋሪ ፈረስ ቃጭል ገባበት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ደበደበበት፣ ሐጂ ሦስት ጊዜ ሳሉበት። እንደገና ለመቅዳት ጊዜ አልነበረንም፤ እንዳለ ተውነው። በአንዱ ጎን ከሁለተኛው ካሴት፣ በሌላው ጎን ከሦስተኛው የለቀምነውን ቀድተን ጨረስን።

በመጨረሻ ጥቂት ቦታ ተረፈ። አዴ ፋጡማ “ዛሬ እኔ መጨረሻ ልሁን። ባለፈው ሙዚቃውን በላሁበት” አሉ። ቁልፎቹን እንድጫንላቸው ነገሩኝና “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሁን ውጡልኝ” አሉን። ሁላችንም፣ ሐጂ ሳይቀሩ፣ በረንዳ ላይ ቆምን። ዝናቡ ምንም አላሰማንም። የወጡት ካሴቱ ራሱ ቀጭ ብሎ ሲያልቅ ነው። ምን እንዳሉት ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም አልተናገሩም።

ካሴቱ ደርሶታል። ይህን ያወቅነው መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ ጀማል ከስቶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ በእግሩ ሲገባ ነው። ካሴቱ በሽሽቱ ጠፍቶበታል። እኛ ሞኞቹ ደስ ይለዋል ብለን ለአቀባበሉ የሐጂን ካሴት ብንከፍት፣ ተነሥቶ ወጣ። አዴ ፋጡማ “ተዉት፣ ሲርበው ይጠይቃል” አሉ። ሳይጠይቅ ዓመታት አለፉ፤ እሳቸውም አፈር ለበሱ፣ አላህ ይዘንላቸው። ያ የላሚቱ ካሴት እንኳ ክሩ ተበጣጥሶ፣ ድምፃቸው ያለበት ነገር አንድም አልተረፈም።

አሁን ሰባት ወንዝን ያልሰማ ወጣት የለም። ሁለቱን ካሴቶች ከየት እንዳገኙአቸው አላውቅም፣ ኢንተርኔት ላይ ወጥተው “ተደብቆ የኖረ ሀብት” እየተባሉ ይወደሳሉ። ጥርት ያሉ ናቸው፤ ሳል የለ፣ ቃጭል የለ። ልጆቼ የፈለጉትን ዘፈን ከነአነሣሱ ከነመውደቂያው በአንድ ንክኪ ያገኛሉ፤ ደስ ይበላቸው፣ አልቀናባቸውም። እኛ ግን አንድ ዘፈን ለመስማት የስንቱን ደጃፍ ረግጠናል፤ በየደጃፉም ግቡ የሚል ሰው ነበር። የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት ሮቤ ሄጄ ከሰዓዳ ጋር ጀማል ቤት ነበርን። ሸብቷል፣ የልጅ ልጆች አሉት። አንዱ ስልኩ ላይ ሲጎረጉር ሦስተኛው ካሴት ተነሣ። እኔና ሰዓዳ ተያየን፤ ልጁን ልናስቆመው ስንል ጀማል “ተዉት” አለ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ዘፈን አዳመጠ። ሙዚቃው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ሲጠፋ እጁን አነሣና “ዝም በሉ፣ አሁን አዴ ትናገራለች” አለን።

ስልኩ ወደ ሌላ ዘፈን ሊያልፍ ነበር፤ ሰዓዳ እጇን ዘርግታ አጠፋችው። ከዚያ ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን።