በሞቴ ያላሉኝ ዕለት

እርጉዝ ሴት ጠላ አልጠጣም ስትል እዚህ አገር ምን እንደሚደርስባት ላውራ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ የማሽን ጩኸት ችያለሁ፣ የአለቃ ግልምጫ ችያለሁ። የዘመድ ግብዣ ግን አልቻልኩም።

አምና ለኅዳር ሚካኤል ቦሩ ሜዳ አባቴ ቤት ዝክር ነበር። ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ፀንሼ ሆዴ ገፍቷል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁርጡን ነግራኛለች፤ አንቺ የጠጣሽውን ልጅሽም ይጠጣዋል፣ አእምሮው ገና እየተሠራ ነው፣ ጠላም ቢሆን መጠጥ ነው፣ ትንሽ አይጎዳም ብለሽ እንዳትሸወጂ አለችኝ። እኔም በቃ ብያለሁ።

ገና ደጃፉን ስረግጥ አክስቴ ጠላ በጣሳ ይዛ ከተፍ አለች። እናቴ ካረፈች ወዲህ የአባቴን ቤት የያዘችው እሷ ናት።

«አልጠጣም አክስቴ፤ ለልጁ አእምሮ አይሆንም ተብያለሁ።»

«ኤዲያ! እኛስ በጠላ አይደል እንዴ ያደግነው? ምን ሆንን?»

«ምንም እንዳልሆንን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

ሰው ሳቀ። እሷ ግን «ኮምቦልቻ ገብታ ፈረንጅ ሆነችላችሁ!» ብላ አኮረፈች።

የአባቴ ደግሞ ይብስ ነበር። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ጠዋት ጠዋት በአረቄ አፋቸውን ሲያሟሹ ኖረዋል። ደሴ ወስደን ያሳየናቸው ሐኪም፣ እርጅናው እንዳለ ሆኖ አረቄው አእምሯቸውን ጎድቶታል፣ መጠጥ ካልተዉ ይብስባቸዋል ብሎ በፊታችን ነግሯቸዋል። እሳቸው ይህንንም ረሱት። እሳቸውስ ይርሱ፤ ዘመዶቻችን ምን ሆኑ? የሽማግሌ ዋንጫ ጎድሎ ማየት ነውር ነው እያሉ እየተሽቀዳደሙ ይሞሉላቸዋል። ተዉ ስላቸው «በበዓል ቀን ጉሮሯቸው ይድረቅ?» ይሉኛል። አንጀቴ እርር ነው ያለው!

አባቴ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ በሞቴ አንዴ ፉት በይ።»

«አባባ፣ እርጉዝ ነኝ እኮ፤ አይሆንም።»

«እሰይ! ፀነስሽ? እልል በሉ እንጂ!» ብለው ሆዴን ዳብሰው መረቁኝ። ከዚያ ዋንጫቸውን አነሱ፣ ጠጡ፣ ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው ልጄ ባዶ እጅሽን? በሞቴ ቅመሺ።»

እንደገና ነገርኳቸው፤ እንደገና እልል አስባሉ። አባት በሞቴ ሲል እምቢ ማለት አንድ ጊዜም ያስጨንቃል፤ እኔ ስደጋግመው ዋልኩ። በመጨረሻ «ኧረ አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎት!» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው ምን እንዳጠፉ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል።

ብድግ ብዬ ወደ ዳሱ ወጣሁ። እዚያ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ተቀምጠዋል። ለእነሱ ብርዝ ለብቻው ይቀርባል፤ ጠላ ቅመሱ ብሎ የሚያስቸግራቸው የለም። እናቴን የሚያህሉ ጎረቤታችን ገና ፊቴን ሲያዩት ገባቸው። ብርድ ነበርና ሻርፓቸውን ከራሴ ላይ ጣል አድርገው፣ ብርዝ ቀድተው ሰጡኝ።

«አብሽሪ ልጄ፤ እዚህ ማንም አይነካሽም» አሉኝ። ያን ቀን ገና ያኔ ተነፈስኩ።

ብዙም አልቆየ፣ አባቴ ዋንጫቸውን እንደያዙ እንግዶቹን ሊጠይቁ ወደ ዳሱ መጡ። እዚህም መጡልኝ! ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ። ፊቴ ቆሙ። እኔን አዩ፣ ሻርፓውን አዩ፣ ዋንጫቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተት አደረጉት።

«እንኳን ደህና መጡ እሜቴ» አሉኝ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ቤት የእርስዎ ነው፤ ይጫወቱ። ብርዙ ካነሰ ይንገሩን።»

እርስዎ አሉኝ። የወለዱኝ አባቴ እርስዎ አሉኝ!

ጎረቤታችን «ኧረ በአላህ፣ ልጅዎ ናት!» አሏቸው።

አባቴ እንደ ቀልድ ቆጥረውት ፈገግ አሉ። «ልጄማ ኮምቦልቻ ናት። ዘንድሮ አልመጣችም።»

ቀኑን ሙሉ የፈለግኩት እንዲተዉኝ ነበር። አሁን ግን ዋንጫውን ከጋቢያቸው አውጥተው አንዴ «በሞቴ ልጄ» ቢሉኝ ብዬ አይን አይናቸውን አየሁ። እጅ ነሱኝና ወደ ቀጣዩ እንግዳ አለፉ።