ስም የማይረገጥበት ጋራዥ

እርጥብ የኮኮናት ቃጫ በሸተተኝ ቁጥር፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ የነበረው የልጅነት ቤታችን ጋራዥ ድቅን ይልብኛል። መኪና ገብቶበት አያውቅም። አባቴ ወሎ እያለ ከአያቴ ጋር ቃጫ እየገመደ ነበር ያደገው፤ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣን በኋላ ግን የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ሥራ፣ ናይት ሺፍት፣ ገብቶ፣ እኛ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለመውጣት ጫማውን ሲያስር ብቻ የምናየው ሰው ሆኖ ነበር። በኋላ ሥራውን ትቶ፣ የታሰረ የኮኮናት ቃጫ ኦርደር አድርጎ፣ የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ መሥራት ጀመረ። አባት ያገኘሁት ያኔ ነው ብል አላጋነንኩም።

በረዶው ሲቀልጥ ቃጫውን በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፈውና፣ እናቴ በዱላ እየደበደበች ታለሰልሰው ነበር። ሰመር ሲመጣ ሥራው ከጋራዡ ፊት ወዳለው ድራይቭዌይ ይወጣል። እኔ የገመዱን ጫፍ የያዘውን የእንጨት መዘውር ሳዞር፣ አባቴ ቃጫውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ በጣቶቹ መሀል እየለቀቀ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ይሄድ ነበር፣ ገመዱም ከሆዱ የሚወጣ እስኪመስለኝ ድረስ ይረዝም ነበር። ዞር ብሎ አያይም፣ ግን ተደናቅፎ አያውቅም። አፌን ከፍቼ አየው ነበር። የጎረቤት ልጆች አባቶች መኪና ሲጠግኑ አይቻለሁ፣ ገመድ የሚወልድ አባት ግን የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ቅጠሉ ሲረግፍ እሱ ይሸምናል፣ እናቴ በትልቅ መቀስ የምንጣፉን ፊት ትከረክማለች፣ እኔ እጄን አስኬድበታለሁ። አንድም ቦታ ከፍ ዝቅ አይልም ነበር። ወይ ጉድ፣ ያውም ያለ ማስመሪያ።

ምንጣፎቻችንን የምትረከበን ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር ሱቅ የነበራት አንዲት አሜሪካዊት ነበረች። አንድ ዓመት ብርዱ ሊገባ ሲል ኮል አደረገችልንና፣ ደንበኞቿ የቤተሰብ ስም የተጻፈበት ብቻ እንደሚፈልጉ፣ ከዚያ ወዲያ ስም የሌለበትን እንደማትወስድ ነገረችን። እሷ ካልወሰደች ጋራዡ እንደሚዘጋ፣ አባቴም ወደ ናይት ሺፍቱ እንደሚመለስ ለእኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር።

«አልሠራም» አለ አባቴ። «የሰው አባት ስም ላይ ጫማ አይጠረግም።»

«አንተ ሰውዬ፣ የማታውቀው ፈረንጅ ስም እኮ ነው» አለችው እናቴ።

«አባት የሌለው ፈረንጅ አለ እንዴ?»

እናቴ መቀሷን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ጻፍላቸው፣ ምን አለበት፣ ብቻ አትሂድብን እያልኩ በሆዴ እለምነው ነበር። እሱ ግን ዙሪያውን ሐረግ የዞረበት፣ ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ምንጣፍ ሸምኖ ወሰደላት። ሴትዮዋ ወደደችው፣ ዳበሰችው፣ ስም ስለሌለበት መለሰችለት። በረዶ ሳይጥል ዌርሃውስ ገባ፣ እኛም እንደገና ጫማውን ሲያስር ብቻ የምናየው ልጆች ሆንን። በግትርነቱ አንጀቴ አርሮ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ባለችው ሂሊያርድ ነው። በየበሩ ስም የታተመበት የፋብሪካ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን ሳየው አባቴ ይገርመኛል፣ ይደንቀኛል። ባለፈው ጎረቤት ተጠርተን ስንሄድ፣ ምንጣፉን ዘልዬ ሳልፍ ልጄ ሳቀብኝ።

«ማም፣ ምንጣፍ እኮ ነው።»

«የአባታቸው ስም ነው» አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ፣ ጫማውን ጠርጎበት ገባ። አልተቆጣሁትም። አባቴ ለማያውቀው ሰው አባት ክብር ሲል የሚወደውን ሥራና ከእኛ ጋር የሚውልበትን ቀን ሰጠ፤ እኔ የምሰጠው አንድ እርምጃ ብቻ ነው።