መቅዳት የተፈቀደ መጽሐፍ

ሶዶ ውስጥ ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ሳስተምር የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ለተማሪዎቼ አልዳረስ አለኝ። ከኢንተርኔት በነጻ የሚገኝ መጽሐፍ አውርጄ በፍላሽ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ከገሱባ የመጣች፣ በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር የምትዘምር ተማሪ ቢሮዬ ገብታ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«መምህር፣ የሰው መጽሐፍ መቅዳት ሌብነት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ጥያቄዋን ወደድኩት። መጽሐፉን ከፍቼ ጸሐፊዎቹ መቅዳትም፣ ማሻሻልም፣ መተርጎምም እንደፈቀዱ የጻፉበትን ገጽ አሳየኋት። ቀስ ብላ አነበበችው።

«መተርጎምም ይቻላል?»

«ስማቸውን እስከጠቀስሽ ድረስ ይቻላል» አልኳት።

በዚያው ሴሚስተር ከጓደኞቿ ጋር ሆና ተማሪ ሁሉ የሚፈራውን የፕሮባቢሊቲ ምዕራፍ ወደ አካባቢው ቋንቋ፣ ወደ ወላይትኛ መለሰችው። አንዳንዱ ቃል አከራከረን፤ ያልተስማማንበትን በእንግሊዝኛው ተውነው። ዛሬ አዲስ ገቢ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ያንን ምዕራፍ ነው።